የተኛ የወይን እንቡጥ ሙቀትን ይችላል፤ የነቃው ግን ይጎዳል

ጎንደር፦ በግቢ ዳስ ላይ ወይን የተከለ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በዘለላው ላይ ነው። የዘለላው ዕጣ ግን የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ በቅርንጫፉ አንጓ ላይ በተቀመጠችው ትንሽ እንቡጥ ውስጥ ነው። የመጪው ወቅት ቅጠል፣ ቀንበጥና የዘለላው ጅማሬ ታጥፈው የሚቆዩት በእርሷ ውስጥ ነውና። ስለዚህ በዘንድሮው ወቅት የደረሰ የሙቀት ጫና በሚቀጥለው ምርት ላይ ሊታይ ይችላል።

የወይን እንቡጥ የዕረፍት ጊዜ አላት። በዚህ ጊዜ በውስጧ ያለው ውኃ ያንሳል፤ አተነፋፈሷም ይቀዘቅዛል። ሙቀትን እንድትቋቋም የሚረዳት ይኸው ነው። በውጭ ሀገራት የችግኝ ጣቢያዎች በዕረፍት ላይ ያሉ የወይን ቁራጮችን ከበሽታ ለማጽዳት በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል ይነክራሉ፤ እንቡጦቹም በአብዛኛው ይተርፋሉ። ያበጠችና አረንጓዴ ያሳየች እንቡጥ ግን እንዲህ ያለውን ሙቀት አትችልም።

አጭርና ብርቱ ሙቀት እንቡጧን ከእንቅልፏ ሊቀሰቅሳትም ይችላል። በእስራኤል የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት ሙቀቱ የእንቡጧን አተነፋፈስ ለጊዜው ያውካል፤ ይህም ለመንቃት ምልክት ይሆናታል። ሙቀቱ ሲረዝምና ድርቅ ሲጨመርበት ግን ዋናዋ እንቡጥ ልትሞት ትችላለች። ከጎኗ ያሉት ተጠባባቂ እንቡጦች ቢያቆጠቁጡም ዘለላቸው አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው።

በቀዝቃዛ ሀገራት እንቡጦች ክረምቱን ተኝተው ያሳልፉና ቅዝቃዜውን ከጠገቡ በኋላ በአንድነት ይነቃሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎንደር እንዲህ ያለ ረጅም ብርድ የለም። በዚህ ምክንያት ወይኑ በጥልቀት አይተኛም፤ እንቡጦቹም በተለያየ ጊዜ ሊፈነዱ ይችላሉ። እንደ ዝዋይ ባሉ ሞቃት አካባቢዎችም የወይኑን ወቅት በዋናነት የሚወስኑት ግርዘትና መስኖ ናቸው።

ለጎንደርና አካባቢዋ አልሚዎች ቁልፉ ጉዳይ የግርዘት ጊዜ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በኅዳር የተገረዘ ወይን ለጋ ቀንበጡን የሚያወጣው አየሩ ለዘብ ባለበት ጊዜ ነው። የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ሲመጣ ቅጠሉ ጥላ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ፍሬውም ከክረምቱ ዝናብ በፊት የመድረስ ዕድል ያገኛል። በመጋቢት የተገረዘ ግን ለጋነቱን ከፀሐዩ ጋር ያጋጥማል። እንደ ዳባትና ደባርቅ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ የሌሊት ውርጭ ቀንበጡን ስለሚያቃጥል፣ ውርጩ እስኪያልፍ ድረስ መታገሥ ይገባል።

ቁራጭ ገዝቶ ለሚተክልም ምክሩ ከዚህ አይለይም። እንቡጡ ያላበጠውን መምረጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና እስኪተከል ድረስ በጥላ ሥር ማኖር ይበጃል።