የሚያበራና የሚያጉረመርም ጎራዴ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ

ሲበራ ከእጀታው ወደ ጫፉ ብርሃን የሚሮጥበት፣ ሲወዛወዝ የሚያጉረመርም፣ ሲጋጭ የሚጮኽ ጎራዴ ለትምህርት ቤት ድራማ ወይም ለጊፋታ (ለወላይታ ዘመን መለወጫ) ሰሞን መድረክ ወላይታ ሶዶ ላይ ሆኖ መሥራት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ማስመጣት የሚያስፈልገው አራት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው፤ ሁሉም ተጠቅልሎ አንድ ፖስታ ውስጥ ይገባል። የቀረው በከተማው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ፣ በሞባይል ጥገና ቤትና በአልሙኒየም ሠራተኛው ዘንድ ይገኛል።

ከተገኘው ዕቃ መሥራት ደግሞ የዚህ ጎራዴ የትውልድ ጠባይ ነው። ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ስታር ዋርስ ፊልም ሲሆን፣ የፊልሙ ትዕይንት አስጌጭ ሮጀር ክርስቲያን እጀታውን የሠራው ለንደን ውስጥ በአንድ የፎቶግራፍ ዕቃ ሱቅ ካገኘው ግራፍሌክስ ከሚባል የአሮጌ ካሜራ ፍላሽ መያዣ ነው። የላስቲክ ቁራጮች ለጠፈበት፣ ጥቂት ነገር ጨመረበት፣ አበቃ። ስለቱ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነገር የተለበጠ ተሽከርካሪ ዘንግ ነበር፤ ተመልካቹ ያየው ብርሃን ኋላ በፊልሙ ላይ የተሳለ ነው። ዛሬ አንድ የሶዶ ተማሪ እውነተኛ ብርሃን የሚሰጥ ስለት መሥራት መቻሉ በጣም ያስደስተኛል።

ሥራው የሚጀመረው ከእጀታው ውስጥ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያምር ቱቦ ይገዛና ኋላ ዕቃው አልገባ ይለዋል። መጀመሪያ ዕቃው ይሰብሰብ፣ በማስመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ቱቦ ይፈለግ። ትልቁ ዕቃ የኃይል ምንጩ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ የምመክረው በየሞባይል ቤቱ የሚሸጠውን ቀጭን፣ ክብ፣ አንድ ባትሪ ብቻ የያዘ ፓወር ባንክ ነው። በውስጡ ያለው 18650 የሚባለው የሊቲየም ባትሪ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ ሽፋኑና ሰሌዳው ሲጨመሩ ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ 28 ሚሊ ሜትር የሆነው ክብ ስፒከር አለ። ስለዚህ ውስጡ ከ30 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ውጩ ከ38 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የፒቪሲ ወይም የአልሙኒየም ቱቦ ይመረጣል። ከዚህ ከወፈረ በእጅ መጨበጥ ያስቸግራል። ቱቦው በሴጌቶ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በሊማ ይስተካከላል፣ ለመክፈቻ ቁልፉና ለቻርጀሩ ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል። አልሙኒየም ከሆነ የውስጥ ግድግዳው በወፍራም ወረቀት ወይም በፕላስቲክ ይሸፈን፤ የተራቆተ ሽቦ ቢነካው ሁሉንም ሊያቃጥል ይችላል።

ለስለቱ በውጭ አገር የሚጠቀሙት አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የፖሊካርቦኔት ቱቦ ነው። እኛ ዘንድ ቅርቡ ምትክ የተቃጠለ የኤልኢዲ ፍሎረሰንት ነው፤ ቲ8 የሚባለው ዓይነት ውፍረቱ 26 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያውን በሙሉ ወተት የመሰለ ፕላስቲክ የሆነው ይፈለግ፤ ጀርባው አልሙኒየም የሆነው አይሆንም። ጫፉ ተከፍቶ የውስጡ ሰሌዳ ይወጣል፣ ባዶው ቱቦ ይቀራል። የነጣው ፕላስቲክ ብርሃኑን ስለሚበትነው አምፖሎቹ ነጠላ ነጠላ ሆነው አይታዩም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳይዘለል ይነበብ፦ የድሮው ፍሎረሰንት ብርጭቆ ነው፣ በውስጡም መርዛማ ሜርኩሪ አለ፤ ከኤልኢዲዎቹም መካከል ብርጭቆ የሆኑ አሉ። ብርጭቆ የሆነ ማንኛውም ቱቦ ለጎራዴ አይነካ። ፕላስቲኩም ቢሆን ከጫፉ ትንሽ ተቆርጦ ይጠምዘዝ፤ ከተሰነጠቀ ይጣል፣ ከታጠፈ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የጎራዴውን ዕድል የሚወስነው ነገር ይመጣል። የመጀመሪያ ጎራዴ ሳይሠራ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የኃይሉ ስሌት ስለተዘለለ ነው፤ ሠሪው ግን ጎራዴውን የሚያዝዘው ፕሮግራም የተሳሳተ እየመሰለው ሌሊቱን ሙሉ ይደክማል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ደብሊውኤስ 2812ቢ የሚባለው የኤልኢዲ ጥቅል እያንዳንዱ አምፖሉ ለብቻው የሚታዘዝ ነው፤ ብርሃኑ ከእጀታው ተነስቶ ወደ ጫፍ እንዲሮጥ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በፀጉር ቤትና በባጃጅ ላይ የምናየው ተራው ባለ12 ቮልት ጥቅል ሁሉም አብሮ ስለሚበራ ለዚህ አይሆንም። በእያንዳንዱ አምፖል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አለ፤ እያንዳንዱ ቀለም በሙሉ ድምቀት 20 ሚሊ አምፒር ያህል ይወስዳል። ሦስቱ አብረው ሲበሩ ነጭ ይሆናል፣ 60 ሚሊ አምፒርም ይፈጃል። ጥቅሉ በሜትር 60 ወይም 144 አምፖል ኖሮት ይሸጣል። 80 ሴንቲ ሜትር ስለት በባለ144ቱ ሲሠራ 115 አምፖል ይይዛል፤ ነጭ ሲበራ 6.9 አምፒር ይጠይቃል። በባለ60ው 48 አምፖል ነው፤ ነጩ 2.9 አምፒር፣ ሰማያዊው ብቻ ግን ከ1 አምፒር በታች። ትንሿ ፓወር ባንክ የምትሰጠው 5 ቮልት በ1 አምፒር ነው።

እንግዲህ ባለ60ው ይገዛ፣ ቀለሙ አንድ ይሁን፣ ነጭ ይቅር። ስለቱ በሁለቱም በኩል እንዲያበራ ሁለት ጥቅል ጀርባ ለጀርባ ይጣበቃል፤ አምፖሉ 96 ይሆናል። ድምቀቱ በፕሮግራሙ ወደ ሩብ ሲቀነስ ፍጆታው ግማሽ አምፒር አካባቢ ይቆማል፣ ለድምፁም ይተርፋል። ሩብ ድምቀት ለዓይናችን ሩብ አይመስልም፤ መብራቱ በጠፋ አዳራሽ ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ካልታሰበ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የስለቱ ጫፍ ይደበዝዛል፣ ፕሮግራሙን የያዘው ሰሌዳ፣ አርዱይኖው፣ በየመሐሉ እየጠፋ ይነሳል፣ በመጨረሻም ፓወር ባንኩ ራሱን ይዘጋል። አንዳንዱ ፓወር ባንክ ደግሞ በተቃራኒው ጭነቱ በጣም ሲያንስ ይጠፋል፤ ስለዚህ እጀታው ከመዘጋቱ በፊት ስለቱን ሳያበሩ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው ይፈትሹት።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ አውጥቶ በቀጥታ መጠቀም በየጥገና ቤቱ የተለመደ ነው። ለመጀመሪያ ጎራዴ ይህን አልመክርም። የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ ከተሞላ፣ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ ከተገናኙ፣ ይግላል፣ ሊነድም ይችላል። ሽቦ በቀጥታ በባትሪው ላይ ሶልደር ማድረግም በሙቀቱ ይጎዳዋል። ፓወር ባንኩ መሙያውንና መከላከያውን በሰሌዳው ላይ ይዞ ይመጣል፤ በማንኛውም የስልክ ቻርጀርም ይሞላል። እጅ ላይ የሚያዝ፣ ምናልባትም በልጆች መካከል የሚወዛወዝ ዕቃ ነውና ይህን ጥበቃ መዝለል አይገባም።

የድምፁን ነገር እኔ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። የፊልሙን ድምፅ የፈጠረው ቤን በርት፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረ የፊልም ማሳያ ማሽን ሞተር ሲያጉረመርም የሰማውን ቀድቶ፣ ማይክሮፎን ቴሌቪዥን አጠገብ ሲያልፍ ከሚያሰማው ጥዝታ ጋር አዋሐደው። ለመወዛወዙ ደግሞ ይህን ድምፅ በስፒከር እያጫወተ ሌላ ማይክሮፎን በስፒከሩ ፊት እያመላለሰ ቀዳ፤ ማይክሮፎኑ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። ይህን በሁለት ስልክ ማንም ይደግመዋል። የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የአሮጌ ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ፣ የትራንስፎርመር ጥዝታ (ከአጥሩ ውጭ ቆሞ!) ጥሩ ጥሬ ዕቃ ናቸው። ከኢንተርኔት የወረደ ድምፅ ሁሉም ጋ አለ፤ በሶዶ ወፍጮ ቤት የተቀዳ ድምፅ ያለው ጎራዴ ግን የባለቤቱ ብቻ ነው።

ድምፁን የሚያጫውተው ዲኤፍ ፕሌየር ሚኒ የሚባል፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሰሌዳ ነው። በስልክ የሚገባውን ዓይነት ሚሞሪ፣ እስከ 32 ጊጋባይት፣ ይቀበላል፤ ማጉያው በውስጡ ስላለ ስፒከሩ በቀጥታ ይያያዝበታል። ጉድለቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ ማጫወት አለመቻሉ ነው፦ ጎራዴው ሲወዛወዝ የመወዛወዙ ድምፅ ሲነሳ ጉርምርምታው ይቋረጣል፣ ጆሮም ይህን ወዲያው ያውቃል። መፍትሔው የመወዛወዙንና የግጭቱን ድምፅ ስልክ ላይ ባለ የድምፅ ማቀናበሪያ ሲያዘጋጁ ጉርምርምታውን ከሥሩ አብሮ መቅዳት ነው። እንደ ፕሮፊቦርድ ያሉ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ሰሌዳዎች ብዙ ድምፅ በአንድ ላይ ያዋሕዳሉ፤ እነሱ ለሁለተኛው ጎራዴ ይቆዩ።

እንቅስቃሴውን የሚያውቀው ኤምፒዩ 6050 ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት መለኪያ አለው፤ አንዱ የመዞርን ፍጥነት፣ ሌላው የፍጥነትን ድንገተኛ ለውጥ ይለካል። መወዛወዝ በመጀመሪያው፣ ግጭት በሁለተኛው ይታወቃል። ሁሉንም የሚያዝዘው አርዱይኖ ናኖ ነው፤ ፕሮግራሙ በኮምፒውተር ተጽፎ በገመድ ይጫንበታል። የኤሌክትሪክ ወይም የኮምፒውተር ተማሪ ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ክፍል አብሮ ይሥራው፤ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ እንዲህ ያለ ጓደኛ ማግኘት አይከብድም።

ሽቦው ሲያያዝ ሦስት ትንንሽ ዕቃ ብዙ ችግር ያስቀራል። ከአርዱይኖ ወደ ኤልኢዲው በሚሄደው የትእዛዝ ሽቦ ላይ ከ330 እስከ 470 ኦም ሬዚስተር፣ ወደ ዲኤፍ ፕሌየሩ በሚሄደው ላይ 1 ኪሎ ኦም፣ በኤልኢዲው መነሻ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል ደግሞ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ሁለተኛው ከስፒከሩ የሚሰማውን ጥዝታ ይቀንሳል፤ ካፓሲተሩ ስለቱ ሲበራ ድንገት የሚጠየቀውን ኃይል ይሸከማል፣ ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ እንዳይገላበጥ። የሁሉም ሰሌዳ ኔጌቲቭ አንድ ላይ መገናኘት አለበት። መጀመሪያ ኤልኢዲው ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይብራ፣ ቀጥሎ ድምፁ ብቻ ይሞከር፣ ቀጥሎ መለኪያው፣ ከዚያ ሦስቱ አብረው። አንዱ ሳይሠራ ወደሚቀጥለው አይታለፍ። ወደ እጀታው ሲገባ ስፒከሩ ከታች ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይቀመጣል፤ ከጀርባው ያለው ክፍተት በስፖንጅና በኮላ ከተደፈነ ድምፁ በግልጽ ይጨምራል። መለኪያው ምንም ሳይነቃነቅ መጣበቅ አለበት፤ ከላላ ጎራዴው ዝም ብሎ ተቀምጦም ይጮኻል። ስለቱ በአንድ ብሎን ብቻ ተይዞ የሚወጣና የሚገባ ይሁን፤ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። እጀታው በወላይታ ባህላዊ ጨርቅ፣ በዱንጉዛ፣ ቁራጭ ቢጠቀለል፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ከመድረክ ርቆ ይታያል፣ ላብ ባለው እጅም አያንሸራትትም።

ከመድረክ ውጭ በዚህ ጎራዴ በእውነት የሚጋጠሙም አሉ፦ የፈረንሳይ የሻሞላ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2019 የብርሃን ጎራዴ ግጥሚያን በይፋ ተቀብሏል፤ በሙሉ ጉልበት ለሚማቱ ሰዎች ግን አምፖሉ እጀታው ውስጥ ሆኖ ስለቱ ባዶ ቱቦ የሆነው ዓይነት ይሻላል፣ በምት የሚበጠስ ሽቦ ስለቱ ውስጥ የለበትምና። እዚህ የተገለጸው ለመድረክ ነው። ለመድረክ ሲባል በፕሮግራሙ ውስጥ የግጭቱ መነሻ ልክ ዝቅ ተደርጎ ይቀመጥ፦ ሁለቱ ተዋንያን ስለቶቻቸውን ቀስ አድርገው ሲያነካኩ ጎራዴው በሙሉ ድምፅ ይጮኽ፣ ስለቱም ለቅጽበት ይብለጭለጭ። ልምምዱም በዚሁ ልክ ይደረግ፤ ምቱ ከትከሻ በታች፣ ፊትና እጅ ሳይነካ።