ጉዳይ አስፈጻሚው የማይፈጽመው ጉዳይ

በአገር ቤት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ የማያውቅ የለም። እርሱ ያልጻፈው ማመልከቻ መዝገብ ቤት የማይደርስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህ ልማድ ከስደተኛው ጋር ባሕር ቢሻገር አያስገርምም። ቶየን አካባቢ የሚኖር፣ ወገቡ ተጎድቶ የጽዳት ሥራውን ያቆመ ወገን፣ ወደ ናቭ ከመሄዱ በፊት «ጉዳዩን የሚያስጨርስ ሰው» ቢያፈላልግ፣ ፈላጊ ባለበት ደላላ አይጠፋም።

ውድ አንባቢያን፣ ኖርዌጂያኖች ኡፎረትሪግድ ለሚሉት፣ ማለትም በሕመም ወይም በጉዳት የመሥራት አቅሙን ላጣ ሰው ለሚሰጠው ክፍያ፣ ማመልከቻ ማስገባት አንድ ክሮነር እንኳ አያስከፍልም። ቅጹ በናቭ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ በኮምፒዩተር መሙላት ያልሆነለት በወረቀት ያመለክታል። ቶየን ያለበት የጋምለ ኦስሎ ክፍለ ከተማም የራሱ የናቭ ጽሕፈት ቤት አለው።

ገንዘብ ተቀባዩ ወኪል ብዙውን ጊዜ የማይናገረው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ውሳኔውን የሚወስነው የማመልከቻው አጻጻፍ አይደለም። በዋናው ደንብ መሠረት አመልካቹ ከመታመሙ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት የአገሪቱ ማኅበራዊ ዋስትና አባል መሆን አለበት። የመሥራት አቅሙ ቢያንስ በግማሽ የቀነሰ መሆን አለበት። ሕክምናውም ሆነ ወደ ሥራ የመመለሱ ሙከራ መጀመሪያ መደረግ ይኖርበታል፤ ብዙ ሰው አስቀድሞ አ-አ-ፔ የተባለውን ጊዜያዊ ክፍያ የሚቀበለውም ለዚህ ነው። የክፍያው መጠን ቢሆን በሒሳብ የሚወጣ ነው፤ ከመታመም በፊት ከነበሩት 5 ዓመታት የተሻሉት የ3ቱ ገቢ አማካይ ተወስዶ 66 በመቶው ይታሰባል። ታዲያ ወኪሉ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ይለውጣል? የአባልነት ዓመት አይጨምር፣ የሐኪም ማስረጃ አይጽፍ! የሚከፈልበት ነገር ቢኖር የቤተሰብ ሐኪሙ ሊነግሩት የሚችሉትን ማስተላለፍ ብቻ ነው።

«ከሚገኘው ገንዘብ ይህን ያህል መቶኛ» የሚለው አነጋገር ከአሜሪካ ዘመዶች የተሰማ ሊሆን ይችላል። እዚያ በሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳይ ወኪሉ ከተጠራቀመው ክፍያ እስከ 25 በመቶ፣ መንግሥት ከወሰነው ጣሪያ ሳያልፍ፣ እንዲወስድ የሚያስችል አሠራር አለ። ለጦር ጉዳተኞች የመጀመሪያውን ማመልከቻ በማዘጋጀት ዋጋ መጠየቅ ግን እዚያም ክልክል ነው፤ ሆኖም ይህን የሚጥሱ ኩባንያዎች አልጠፉም። በኖርዌይ ደግሞ ጠበቃ ከውጤቱ መቶኛ ለመውሰድ መዋዋል አይፈቀድለትም። ስለዚህ መቶኛ የሚጠራ ሰው ወይ ጠበቃ አይደለም፣ ወይ ደንቡን ጥሷል።

እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጠበቆች ሕግ ከፍርድ ቤት ውጪ የሕግ ምክር መስጠትን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። «አማካሪ» የሚል ሰሌዳ መስቀል ቀላል ሆኗል ማለት ነው። «ጠበቃ» የሚለው ስም ግን እንደተጠበቀ ነው፤ የሰውየውን ስም ከጠበቆች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መዝገብ ማመሳከር ይቻላል። በሐቅ ሠርቶ የሚያስከፍል ባለሙያ መኖሩም አይካድም።

ከገንዘቡ የከፋው ፊርማው ነው። የባንክ አይዲ ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን ለወኪል ያስረከበ ሰው ማመልከቻውን ብቻ ሳይሆን የባንክ ሒሳቡን ጭምር አስረክቧል። ወኪሉ ውሸት ጽፎ ቢገኝም ተጠያቂው በስሙ የቀረበው አመልካች ነው። ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የተሳሳተ መረጃ የሰጠ ያልተገባውን ክፍያ መመለስ ብቻ ሳይሆን 10 በመቶ ሊጨመርበት ይችላል፤ በወንጀልም ሊከሰስ ይችላል። ያን ጊዜ ወኪሉ ስልክ አያነሣም። ሰው ወክሎ ማነጋገር ያስፈለገው ናቭ ራሱ ያዘጋጀው የውክልና ቅጽ አለለት፤ በፈለገው ጊዜም ሊሽረው ይችላል።

ቋንቋው ላስቸገረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የጸናው የአስተርጓሚ ሕግ አለ። አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ዋጋውም በራሱ ላይ ነው። ልጆችን ማስተርጎም በመሠረቱ የተከለከለ ስለሆነ የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ይዞ መሄድ አያሻም። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ ማስመዝገብ ነው፤ የናቭ ስልክ 55 55 33 33 ነው።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንስ? ደላላው ይበልጥ የሚፈለገው በዚህ ሰዓት ነው። ይግባኙም ያለ ክፍያ ነው፤ ውሳኔው ከደረሰ በ6 ሳምንት ውስጥ መቅረብ አለበት። ናቭ አቤቱታ በመጻፍ ረገድ እንዲያግዝ ሊጠየቅ ይችላል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ በመንግሥት ወጪ የጠበቃ እርዳታ ሊገኝ ይችላል። ለሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በነጻ የሚያማክር ዩርክ የተባለ ድርጅት ኦስሎ ውስጥ አለ። በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች የሚቀመጡበት አድቮካትቫክተንም ለግማሽ ሰዓት ያህል በነጻ ያነጋግራል። ናቭ ይግባኙን ካልተቀበለ ጉዳዩ ትሪግደረተን ወደተባለው የበላይ አካል ሊሄድ ይችላል። ውሳኔው በናቭ ድረ ገጽ ላይ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሳይከፈት ከርሞ 6ቱ ሳምንት እንዳያልፍ ገጹን ቶሎ ቶሎ መመልከት ያስፈልጋል።