ከዲኤልኤ ወደ ፒፕ፦ «ደህና ነኝ» የማያዋጣበት ቤት

ዲኤልኤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ የአካል ጉዳተኞች ድጎማ ነው። ከ2013 ወዲህ ፒፕ የሚባለው ይተካው ጀመር። ሁለቱም ጉዳቱ ለሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ የሚከፈሉ ናቸው፤ ሥራ ያለውም ይወስዳቸዋል፣ ገቢና ቁጠባ አይጠየቅባቸውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 8 ቀን 2013 ዕድሜያቸው 65 ወይም ከዚያ በላይ የነበረ ሰዎች በዲኤልኤ ይቀጥላሉ፤ ልጆች ደግሞ እስከ 16 ዓመታቸው።

ለቀረው ሰው ዝውውሩ በራሱ አይሆንም። ወደ ፒፕ አመልክቱ የሚለው ደብዳቤ ከመጣ በ28 ቀን ውስጥ ማመልከት፣ ቀጥሎ የሚላከውን ረጅም ፎርም በአንድ ወር ሞልቶ መመለስ ግድ ነው። ዝም ያለ ሰው ዲኤልኤው መጀመሪያ ይታገዳል፣ ከዚያ ይቋረጣል። ቡናማውን ፖስታ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ የሚከቱ ወገኖቼ፣ እባካችሁ! እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሰፈሩን ልጅ ጥሩ።

ፒፕን ብዙ ሰው ይረግመዋል፤ ምክንያትም አለው። በዲኤልኤ ዘመን ለመንቀሳቀስ ድጋፍ እንደ መለኪያ የሚነሳው 50 ሜትር ነበር፤ ለፒፕ ከፍተኛ ክፍያ 20 ሜትር ሆነ። በዚህ የተነሳ በድጎማው የያዙትን መኪና የመለሱ አሉ። ሕጉ ውስጥ ግን አንድ የምወደው አንቀጽ አለ፤ ብዙ አመልካች አያውቀውም።

ፒፕ የበሽታ ስም አይገዛም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ወገብ ብሎ መደርደር ብቻውን ነጥብ አያስገኝም። የሚጠየቀው 12 ተግባር ነው፤ 10ሩ የዕለት ኑሮ፣ 2ቱ የመንቀሳቀስ። በአንዱ ክፍል 8 ነጥብ መደበኛውን፣ 12 ነጥብ ከፍተኛውን ክፍያ ያስገኛል። የምወደው አንቀጽ ይኸውላችሁ፦ «ይችላል» የሚባለው ሰውየው ያንን ነገር ያለ አደጋ፣ በደንብ፣ ባስፈለገው ጊዜ ሁሉ ደጋግሞ፣ ጤነኛ ሰው ከሚወስድበት ከእጥፍ ባልበለጠ ጊዜ ሲሠራው ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አልቻለም ማለት ነው። መለኪያውም ደህና የዋለበት ቀን አይደለም፤ ችግሩ በዓመቱ ከግማሽ በሚበልጡት ቀኖች መኖሩ ነው የሚታየው።

አሁን ይህን ከእኛ ይሉኝታ ጋር አስቡት። ጋሼ የምላቸውን አንድ ጎረቤቴን አጅቤ የፒፕ ምርመራቸው ላይ ተቀምጬ ነበር። መርማሪዋ በአስተርጓሚ «እንዴት ነዎት?» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» «ምግብ ያበስላሉ?» «አበስላለሁ እንጂ!» አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ ባለፈው ድስቱ እጅዎ ላይ የተገለበጠውን ይንገሯት እንጂ።» «እሱንማ ምን ብዬ ለባዕድ እነግራለሁ?» አሉኝ። መንገር የነበረባቸው ያንኑ ነበር! እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ልጃቸው አጠገባቸው ካልቆመች ምድጃ አይነኩም። በሕጉ ዓይን እኚህ ሰው ያለ አደጋ አያበስሉም። የሚጠየቁት ዶሮ ወጥ መሥራት አይደለም፤ ካልበሰለ ትኩስ ግብዓት ለአንድ ሰው የሚበቃ ቀላል ምግብ አብስሎ ማዘጋጀት ነው። ቁጭ ብሎ ካልሆነ መክተፍ ለማይችልና በርጩማ ለሚያስፈልገው ሰው በርጩማዋ እንኳ 2 ነጥብ አላት።

የማንበብ ጥያቄም አለ፤ እሱም የሚለካው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ አለማወቅ ነጥብ የለውም፤ በጉዳት ምክንያት አማርኛውንም ማንበብ የተሳነው ግን አለው።

ስለዚህ ፎርሙ ላይ «አዎ» ወይም «አልችልም» ብላችሁ አትለፉ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ማን እንደሚያግዝ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ መቼ እንደወደቃችሁ ጻፉ። የሐኪም ማስረጃ አያይዙ፤ ቅጂውንም አስቀሩ። መርማሪዋ ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ ናት፤ ሪፖርት ትጽፋለች እንጂ አትወስንም። ወሳኙ አመልካቹን ሳያይ በወረቀቱ የሚፈርድ፣ ድጎማውን የሚከፍለው ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው።

ነጥቡ ካነሰ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና ይታይልኝ ማለት ይቻላል። እሱም ካልሠራ ትሪቡናል አለ፦ ዳኛ፣ ሐኪምና የአካል ጉዳትን ኑሮ የሚያውቅ ሰው። ከሚኒስቴሩ ነጻ ናቸው፤ አስተርጓሚም በነጻ ያቀርባሉ። ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል፤ ከሚያዳምጧቸው የፒፕ ይግባኞች ግን ከግማሽ በላይ ለአመልካቹ ሲፈረድ ዓመታት ሆኖታል።