ሾፌሩን ጣራ ላይ ያወጣው ባቡር

ባቡር ላይ ምርጡ ቦታ የሾፌሩ ነው። ሐዲዱ ከፊት እየተዘረጋ ሲመጣ፣ ድልድዩ ሲቀርብ፣ ዋሻው አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ተሳፋሪው በጎን መስኮት ያለፈውን ከመሸኘት በቀር ዕድል የለውም። እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ የጀመረ አንድ የጣሊያን ኤሌክትሪክ ባቡር ይህን ልማድ ገለበጠው። ሾፌሩን ጣራው ላይ ወደተሠራች ትንሽ ክፍል አወጣና የባቡሩን አፍንጫ ለተሳፋሪ ለቀቀ።

የመዝገብ ስሙ ኢ.ቲ.አር. 300 ነው፤ ሕዝቡ ግን የሚያውቀው «ሴቴቤሎ» ብሎ ነው። ሴቴቤሎ ስኮፓ በተባለው የጣሊያኖች የካርታ ጨዋታ ብቻዋን ነጥብ የምታስገኝ፣ ሰባት ሳንቲም የተሣለባት ካርታ ናት። ባቡሩም ሰባት ፉርጎ ነበረውና ስሙ ተስማማው።

ጣሊያን በፈጣን ኤሌክትሪክ ባቡር እንግዳ አልነበረችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሠራችው ኢ.ቲ.አር. 200 በ1939 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጦ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ድልድዮች ፈረሱ፣ ጣቢያዎች በቦምብ ተመቱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ተበጣጠሰ። ፍርስራሹ ተነሥቶ ሐዲዱ ሲጠገን የመንግሥቱ ምድር ባቡር ድርጅት የፈለገው የቀድሞውን መመለስ ብቻ አልነበረም። ሀገሪቱ ቆማ እንደምትሄድ የሚያሳይ ባቡር ፈለገ። ሥራው ሚላን አጠገብ ሴስቶ ሳን ጆቫኒ ለሚገኘው የብሬዳ ፋብሪካ ተሰጠ።

ሾፌሩን ወደ ላይ ማውጣት የተቻለበት ምክንያት የቴክኒክ ነው። በተለመደው አሠራር ከፊት ሎኮሞቲቭ ይቆማል፤ ፉርጎዎቹ ከኋላው ይጎተታሉ። እንዲህ ከሆነ ከፊት ያለው ቦታ በሙሉ የማሽን ነው፤ ተሳፋሪ ወደዚያ የሚደርስበት መንገድ የለም። ሴቴቤሎ ግን ጎታች የለውም። ከሽቦው በ3000 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚገባው ኃይል በፉርጎዎቹ ሥር ወደተከፋፈሉ 12 ሞተሮች ይሄዳል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም ያለ ሎኮሞቲቭ የሚሄደው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ግን ሎኮሞቲቭ አለው። ማሽኑ ከወለል በታች ከገባ ከፊት የሚቀረው እንቅፋት ሾፌሩ ብቻ ነው፤ እሱንም መሰላል አስወጥተው ሰገነት ላይ አስቀመጡት።

ሰባቱ ፉርጎዎች እንደ ሰንሰለት አንድ በአንድ የተቀጠሉ አይደሉም። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆነው በሦስት ቡድን የተከፈሉ ሲሆን በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ጎረቤት ፉርጎዎች በመካከላቸው አንድ የመንኮራኩር ጋሪ ይጋራሉ። ስለዚህ 14 ጋሪ በሚያስፈልግበት ቦታ 10 በቃ፤ ከነዚህም ሞተር ያላቸው ስድስቱ ናቸው። ክብደቱ ይቀንሳል፣ ፉርጎ ከፉርጎ የሚጋጭበት መንገጫገጭም ይለዝባል።

ወደ ውስጡ እንግባ፤ ዝናውን ያተረፈው ውስጡ ነውና። በሁለቱም ጫፍ በተጠማዘዘ ሰፊ መስታወት የተከበበ ሳሎን አለ፤ 11 ወንበር ይይዛል። ከተቀማጩ ፊት ሐዲድ እንጂ ግድግዳ የለም፤ ሾፌሩ ከራሱ በላይ ነው። መንገደኞች የሚቀመጡባቸው ክፍሎችም የባቡር ክፍል አይመስሉም፤ ሶፋና ባለመደገፊያ ወንበር ያለባቸው ትናንሽ የእንግዳ መቀበያዎች ናቸው። ምግብ ቤት፣ ባር፣ የጋዜጣ መሸጫ፣ ሻወር ሳይቀር ነበረው። አየሩም በመሣሪያ ይቀዘቅዝና ይሞቅ ነበር። ይህን ሁሉ የነደፉት ጁሊዮ ሚኖሌቲና ጆ ፖንቲ የተባሉ አርክቴክቶች ናቸው። ፖንቲ በሚላን የፒሬሊን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በመንደፍ ኋላ ስሙ የገነነው ሰው ነው። የባቡሩ ውጫዊ ቀለም አረንጓዴና ግራጫ ነበር፤ ጣሊያኖቹ አረንጓዴውን በማግኖሊያ ዛፍ፣ ግራጫውን በጉም ሰይመውታል።

ሚላን ማዕከላዊም ሆነ የሮማ ተርሚኒ ሐዲዱ የሚያበቃባቸው ጣቢያዎች ናቸው፤ የፍሎረንስ ዋና ጣቢያም እንዲሁ። ባቡሩ በገባበት በኩል ይወጣል። ሎኮሞቲቭ ያለው ባቡር እዚያ ሲደርስ ጎታቹ ተፈትቶ ሌላ በኋላ በኩል መቀጠል አለበት፤ ሴቴቤሎ ግን በሁለቱም በኩል ፊት ስለሆነ ሾፌሩ ሰገነት ይቀይራል፣ ያልቃል። ከፊት ሲመለከት የመጣው ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው እየራቀ የሚሄድ ሐዲድ ነው። ለእኔ ይህኛው እይታ የተሻለ ይመስለኛል፤ ከፊት የሚመጣ ሐዲድ ዓይን ያደክማል።

የሮማና የሚላን ጉዞ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። መንገዱ በቦሎኛና በፍሎረንስ መካከል የአፔኒን ተራሮችን የሚበሳው በ1934 በተከፈተውና ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ዋሻ ነው። በዚያ ሁሉ ርዝመት ያ የተደነቀ መስታወት የሚያሳየው ጨለማ ብቻ ነበር።

ውበቱን ካደነቅን ሒሳቡንም እንይ። ባቡሩ 165 ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት የሚይዘው 160 ሰው ነበር፤ ለአንድ መንገደኛ አንድ ሜትር ባቡር ማለት ነው። ሁሉም አንደኛ ማዕረግ ነው። በዚያው ዘመን በዚያው ሐዲድ ላይ አብዛኛው ጣሊያናዊ የሚጓዘው በሦስተኛ ማዕረግ፣ በእንጨት አግዳሚ ተቀምጦ ነበር፤ ሦስተኛ ማዕረግ የቀረው በ1956 ነው። ቤቱን ገና እየጠገነ ያለ ሕዝብ ከሐዲዱ ዳር ቆሞ ሻወር ያለው ባቡር ሲያልፍ ያይ ነበር ማለት ነው። ድርጅቱ ያሰበው ለማኩራት ነው፤ ብዙዎችም ኮርተውበታል። ቢሆንም ትኬት የሚገዙበት ባቡር አልነበረም።

ምናልባት ለዚህም ይሆናል የተሠሩት ሦስት ብቻ የሆኑት። የመጀመሪያው በ1952፣ ሁለተኛው በ1953፣ ሦስተኛው ዘግይቶ በ1959 ወጡ። በ1960 የሮማ ኦሊምፒክ ሲመጣ አራት ታናናሽ ወንድሞች ተጨመሩላቸው፤ አርለኪኖ የሚባሉ፣ አራት አራት ፉርጎ ያላቸው፣ ሾፌራቸውም እንደ ታላቃቸው ሰገነት ላይ የሚቀመጥ። ጃፓን ውስጥም ኦዳክዩ የተባለው የባቡር ኩባንያ በ1963 ሾፌሩ ፎቅ ላይ፣ ተሳፋሪው ከፊት የሚቀመጥበትን ባቡር አሰማራ። ኦዳክዩ በመዝናኛ ባቡሮቹ ላይ ይህን አሠራር እስከዚህ ክፍለ ዘመን ይዞት ዘልቋል።

ሴቴቤሎን ያዳከመው ሌላ ባቡር ብቻ አልነበረም። በ1964 ከሚላን እስከ ናፖሊ የሚዘልቀው የመኪና አውራ ጎዳና ተጠናቀቀ፤ ገንዘብ ያለው ሰው የራሱን መኪና መንዳት ያዘ፣ የሚቸኩለው ደግሞ በአውሮፕላን መብረር ጀመረ። ባቡሩ ከ1974 እስከ 1984 በአውሮፓ ምርጥ ባቡሮች መረብ ውስጥ ተመዝግቦ ክብሩን ጠበቀ። በሮማና በፍሎረንስ መካከል አዲሱ ቀጥተኛ ሐዲድ ከ1977 ጀምሮ በየክፍሉ ሲከፈት ግን የተፈለገው ፍጥነትና ብዙ ወንበር ሆነ። በ1988 ፔንዶሊኖ የተባለው፣ መታጠፊያ ላይ ገላውን የሚያዘነብል ባቡር መጣ፤ ሴቴቤሎዎቹም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ቆሙ።

በመልክ ከዚህ የተሻለ የአውሮፓ ባቡር አላውቅም፤ በሥራ ግን ጥቂቶችን ብቻ ያገለገለ ነው። ዛሬ የፈጣን ባቡር አፍንጫ ግጭት እንዲችል ሆኖ ስለሚሠራ ተሳፋሪን እዚያ ማስቀመጥ ከባድ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ተቆራርጠው ብረት ሆነዋል። የተረፈው በ1953 የተሠራው ቁጥር 302 ሲሆን፣ አሁን የጣሊያን ምድር ባቡር የቅርስ ተቋም ንብረት ነው።