አሮጌ መሣሪያ፣ ያልጠፋ ሙያ

በሃሊሳና በአካባቢው ከሚኖሩት አዲስ ገቢ ቤተሰቦች መካከል በአገር ቤት ብረት ቀጥቅጠው፣ ማረሻና ማጭድ ሠርተው ልጆች ያሳደጉ አባቶች አሉ። ሆኖም ሥራቸው ምን እንደ ነበር ሲጠየቁ አንዳንዶቹ "ገበሬ ነበርኩ" ብለው ያልፋሉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ ቤተ እስራኤል ለረጅም ዘመን የመሬት ርስት ስለ ተነፈጉ ወንዶቹ በብረትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ኑሯቸውን ይደጉሙ ነበር። ማረሻውን የሚገዛው ጎረቤት ግን ሠሪውን "ቡዳ" እያለ ይፈራውና ይሸሸው ነበር።

እዚህ አገር ነገሩ ሌላ ነው። ብረት ሠራተኛ "ማስጌር"፣ በቶርኖ የሚሠራው "ሐራት"፣ በያጁ "ራታኽ" ይባላል፤ በስሙም የሚያፍር የለም። "ማስጌር" የሚለው ቃል በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 24 ውስጥ ይገኛል፤ ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ማርኮ ከወሰዳቸው ሰዎች መካከል ብረት ሠሪዎች ነበሩበት። ለዚህ ሙያ ቅርብ የሆነና በትንሽ ገንዘብ የሚጀመር አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም አሮጌ የብረት ሥራ መሣሪያ ገዝቶ ማደስ ነው።

ከየት ይገኛል?

በዋዲ ሳሊብ፣ በኪቡጽ ጋሉዮት መንገድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ "ሹክ ሃፒሽፔሺም"፣ አለ። ገበያው የሚደምቀው ቅዳሜ ስለ ሆነ ሰንበት የሚያከብሩ ቤተሰቦች በአዘቦት ቀን የሚከፈቱትን ሱቆች ይጠይቁ። በየሰፈሩ በመኪና እየዞሩ "አልቴ ዛኸን" የሚሉትም አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ናቸው። ቃሉ የዪዲሽ ሲሆን "አሮጌ ዕቃ" ማለት ነው።

ሐይፋ የባቡርና የወደብ ከተማ ነች። የሂጃዝ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1905 ገባባት፤ ትልቁ ወደብ በእንግሊዞች ዘመን በ1933 ተከፈተ። እንግሊዞች እስከ 1948 ስለ ቆዩ አንዳንዱ አሮጌ ቁልፍ ወይም መለኪያ በኢንች የተሠራ ሊሆን ይችላል። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ ያልገጠመ ቁልፍ የቡሎኑን ጠርዝ ስለሚበላ፣ ከመግዛትዎ በፊት በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

ሞርሳ፦ ጠመዝማዛውን ከዳር እስከ ዳር ያሽከርክሩት፤ መሐል ላይ ከላላ ጥርሱ አልቋል። ስንጥቅ እንዳለው በደንብ ይዩ። መስፍ ከሆነ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የአገር ቤት ብረት ሠሪ ይህን ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ካሊፐር፦ መንጋጋዎቹን ገጥመው ወደ ብርሃን ያንሡት። በመካከል ብርሃን ከሾለከ ተበልቷል ማለት ነው። ሲዘጋ ዜሮው ከዜሮው ጋር መግጠም አለበት።

ሚክሮሜትር፦ በተለመደው ዓይነት አንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ዙሩም በ50 መስመር ስለ ተከፈለ አንዱ መስመር የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው።

ሞረድ፦ ጥርሱ ያለቀውን አይግዙ። በቆሻሻ የተደፈነው ግን በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል።

የድርጅት ስም የተቀረጸበትና ዋጋው ከመጠን በላይ የረከሰ ዕቃ ካጋጠመዎት ይለፉት። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል።

እንዴት ይታደሳል?

የዛገ የእጅ መሣሪያ በኮምጣጤ ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር አሲዱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ ሶዳ በገባበት ውሃ አጥበው፣ ወዲያው አድርቀው ዘይት ይቀቡት። እርጥቡን ከተተወ ተመልሶ ይዝጋል፤ የባሕር አየርም ያፋጥነዋል። መለኪያ መሣሪያ ግን በኮምጣጤ አይነከርም፤ መስመሩና ቁጥሩ ይደበዝዛል።

መሮ በሞተር ድንጋይ ሲሳል ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ጫፉ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ጥንካሬው ቀንሷል። ብረት አግሎ በውሃ ሲያጠነክር የኖረ አባት ይህን በዓይኑ ያውቀዋል።

ያለ መከላከያ መነጽር አይሥሩ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ባሉበት ቤት በደረቁ አይፋቁት። የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከሆነ ፈቃድ ያለው "ሐሽመላይ" ሳያየው አይሰኩት።

ለቤተሰቡ ምን ይጠቅማል?

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ በየቤቱ የማየው አንድ ችግር አለ። ልጆች ዕብራይስጥ ቀድመው ስለሚለምዱ በባንክም በክሊኒክም አስተርጓሚ ይሆናሉ። አባት ሁልጊዜ በልጁ አፍ ሲናገር በቤቱ የነበረው ቦታ ይናጋል። ልጁም አባቴ ምንም አያውቅም ማለት ይጀምራል። በሞርሳው ዙሪያ ሲቆሙ ግን ልጁ የካሊፐሩን ቁጥር ያነባል፣ አባት ብረቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይናገራል። ልጅ አባቱን የሚጠይቅበት ነገር ያገኛል።

ይህ ደመወዝ የሚተካ ሥራ አይደለም። በ"ሳል ክሊታ" ገንዘብ መሣሪያ አያከማቹ፤ በአንድ ሞረድና በአንድ መዶሻ ይጀምሩ። እንጀራ የሚሆነው ቋንቋውና የሙያ ኮርሱ ነው። ስለ ኮርስ ለመጠየቅ ሲሄዱ ግን ሠራተኛዋ "ሙያህ ምንድን ነው?" ስትል "ሙያ የለኝም" ብለው አያስጽፉ። "ብረት ሠሪ ነኝ" ይበሉ፤ በዕብራይስጥም "አኒ ማስጌር" ይባላል።