ከገጽ ግርጌ የጀመረ ስህተት

ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ ይውላል። ማታ አንድ ፋይል ሲከፈት መሀሉ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር ተሰንቅሮ ይገኛል። ዲስኩ ቢመረመር ጤነኛ ነው፤ ሜሞሪውም ቢፈተሽ እንከን የለውም። እንዲህ ሲሆን በሁለቱ መካከል የሚላላከውን ድራይቨር መጠርጠር ነው።

ዛሬ ፈጣን የሚባሉት ኤስኤስዲዎች ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚግባቡበት ሕግ ኤንቪኤምኢ ይባላል፤ የመጀመሪያው እትም በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚህ ሕግ ዲስኩ የተነገረው አድራሻ ድረስ ሄዶ ዳታውን ራሱ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል። ፕሮሰሰሩ ከሸክም ይድናል። ግን አድራሻው ከተሳሳተ ዲስኩ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃውን ያራግፋል።

ሜሞሪ እንደ ደብተር በገጽ የተከፋፈለ ነው፤ በተለመደው አሠራር አንዱ ገጽ 4096 ባይት ይይዛል። ለዲስኩ የሚላከው ትእዛዝ ደግሞ 64 ባይት ብቻ ስለሆነ ለዳታው አድራሻ የተተወለት ሁለት ቦታ ነው። ዳታው አንድ ገጽ ከነካ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ሁለት ከነካ ሁለተኛውም ይሞላል። ከሁለት ካለፈ ግን የሁለተኛው ቦታ ትርጉም ይለወጣል፤ እዚያ የሚጻፈው የቀሩት አድራሻዎች የተዘረዘሩበት ሌላ ገጽ አድራሻ ይሆናል። ትርጉሙ የትኛው እንደሆነ የሚነግር ምልክት የለም። ዲስኩ ከመነሻውና ከርዝመቱ ራሱ ያሰላል። (እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ቢት ለዚህ አልሰስትም ነበር።)

እንግዲህ 8192 ባይት ይነበብ እንበል። ድራይቨሩ ለ4096 ያካፍልና «ሁለት ገጽ» ይላል። ዳታው ከገጽ ራስ ከጀመረ ልክ ነው። ከገጹ ራስ 3584 ባይት ወርዶ ቢጀምርስ? ሁለት ገጽ የሚሞላ ደብዳቤ ከደብተሩ ግርጌ የጀመረ ሰው ሦስተኛ ገጽ መግለጡ አይቀርም። የመጀመሪያው ገጽ 512 ባይት ይወስዳል፣ ሁለተኛው 4096፣ ሦስተኛው የቀረውን 3584።

ድራይቨሩ ሁለት ብሎ ስለቆጠረ በሁለተኛው ቦታ የዳታ ገጽ አድራሻ ጻፈ። ዲስኩ ሦስት ብሎ ስለቆጠረ ያንኑ ገጽ የአድራሻ ዝርዝር ነው ብሎ ከፈተው። ውስጡ ያለው የአሮጌ ፎቶ ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ግን በየ8 ባይቱ እየቆረጠ እንደ አድራሻ ያነበዋል። ገጹ በዜሮ የተሞላ ከሆነ የቀረው ዳታ ሜሞሪው መጀመሪያ፣ አድራሻ ዜሮ ላይ ይራገፋል። አይኦኤምኤምዩ የሚባለው የሜሞሪ ዘበኛ ሥራ ላይ ከሆነ በር ላይ ይመልሰዋል፤ ካልሆነ ከልካይ የለም።

ስህተቱ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ የሚኖረው ፋይል ሲስተሞች አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ገጽ ስለሚሠሩ ነው። ሞካሪውም ብዙ ጊዜ ከገጽ ራስ የሚጀምር ሜሞሪ ይዞ ነው የሚመጣው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ ከማካፈል በፊት መነሻውን ከርዝመቱ ጋር መደመር፣ ከዚያም ወደ ላይ ማጠጋጋት። 3584 እና 8192 ሲደመሩ 11776፣ ለ4096 ሲካፈል 2.875፤ ስለዚህ ሦስት ገጽ። አንዳንዱ ይህን ትቶ ዳታውን ሁሉ መጀመሪያ ከገጽ ራስ ወደሚጀምር ጊዜያዊ ቦታ እያስገለበጠ ይገላገላል። ስህተቱ ይጠፋል፤ ኤስኤስዲው የተገዛበት ፍጥነትም አብሮ ይጠፋል።

መገልበጥ የሚያስፈልገው አድራሻው በ4 ሳይካፈል ሲቀር ነው። ሕጉ እንዲህ ያለ አድራሻ ይከለክላል፤ ዲስኩን ግን እንዲፈትሽ አያስገድደውም። ዲስኩ ትርፉን ባይት እንደሌለ ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል። ያኔ ዳታው እስከ 3 ባይት ወደ ኋላ አፈግፍጎ የጎረቤቱን ጫፍ ይደመስሳል፤ ዲስኩም «ተሳክቷል» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ፈታሹ ድራይቨሩ ራሱ መሆን አለበት።

ጥገናውን ለመፈተን ቨርቹዋል ማሽን ይበቃል። ዳታው ከሚገባበት ቦታ በፊትና በኋላ የሚታወቁ ባይቶች ይደረደራሉ፤ መነሻው ከዜሮ እስከ 4092 በ4 በ4 እየገፋ 8192 ባይት ይነበባል፤ በየዙሩ ዳታውም ድርድሩም ይታያል። አሮጌው ድራይቨር ዜሮ ላይ ያልፋል። 4 ላይ ይወድቃል።