የተነካካ ሞተር ሳይክል ሲገዛ ምን ይታያል?

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ገበያ ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ደግሞ ሥራው ራሱ መነካካትን ይጋብዛል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስባት አግዳለች። በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ያለ ሞተር ሳይክል እንግዲህ ውሎው በሰፈር መንገድና ወደ ገጠር በሚያስወጣ ጠጠር ላይ ነው። ሰውም ከረጢትም ይጭናል። የኋላ መጫኛው ይረዝማል፣ አሞርዛተሩ በጠንካራ ይተካል፣ የካቴናው ጥርስ ለዳገት እንዲመች ይለወጣል።

ይህ ሁሉ በራሱ ጥፋት አይደለም። በብሎን የገባ ለውጥ በብሎን ይወጣል፤ በብየዳ የገባው ግን ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተሻገረ ይኖራል። ስለዚህ ፍተሻው ከሻንሲው ይጀምራል። በመሪው አንገትና የኋላ እግሩ ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ብየዳ ከታየ፣ ወይም እዚያ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ፣ ሞተር ሳይክሉ ተጋጭቷል አለዚያም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ተሰንጥቋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከኋላ ቁጢጥ ብሎ ሲታይ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጥርጣሬው ይጸናል። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪው ሲዞር መሐል ላይ ያዝ የሚያደርገው ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል።

ሞተሩ መነሳት ያለበት ቀዝቅዞ ነው። ሻጩ ገዢው ሳይደርስ አሙቆት ከጠበቀ፣ ቀጠሮውን ለማግስቱ ጠዋት ማዛወር ይሻላል። በሱሉልታ ብርድ መጀመሪያ ላይ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት ወዲያው ከጠፋ አያስጨንቅም። ሳይጠፋ የሚቀጥል ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ብዙውን ጊዜ ፋሻው አልቋል ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ሌላ ጉዳይ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ድሬዳዋ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ስለሚሰጥ ጭሱ ይጠቁራል፤ ይህ በማስተካከል ይድናል። የአየር ማጣሪያው የተነሳለት ሞተር ግን አቧራ ሲውጥ ስለከረመ ውስጡ ተበልቷል፤ ማጣሪያውን መልሶ መግጠም የተበላውን አይመልስም።

የተቆረጠ ማርሚታ ድምፁ ወጣቶችን ይማርካል፤ የሚሸሽገው ግን የሞተሩን ማንኳኳት ነው። ተጨማሪ ፓውዛ የተገጠመለት ከሆነ ወንበሩን አንስቶ ሽቦውን ማየት ይበቃል፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቅጥል የበዛበት ሽቦ አንድ ቀን ይቃጠላል። የሙከራ ጉዞው ቢቻል ሰው ተጭኖ፣ ዳገት ላይ ይሁን። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

የመጨረሻው ነገር ወረቀቱ ነው። በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ ይመሳከራሉ። ከሌላ ሞተር ሳይክል የመጣ ሞተር ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሪያና ዓመታዊ ምርመራ ላይ ያደናቅፋል፤ ጣጣውም ለገዢው ይተርፋል። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር ሳይክል ግን የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛም።